የአረጋውያን ገበያና የአውራጃዎች ኅብረት

በፈረንሳይ አገር እምብርት፣ ደንና ግጦሽ በበዛበት ደጋማ ምድር፣ ክረዝ የሚባል አውራጃ ይገኛል። ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ በግንበኝነት የታወቀ ስለ ነበረ፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጎልማሳው ሁሉ የክረምቱ ብርድ አልፎ ጸደይ በገባ ቁጥር መዶሻውንና ካዙላውን አንግቦ በእግሩ ወደ ፓሪስ ይገሠግሥና፣ የዚያችን ታላቅ ከተማ ቤቶችና አደባባዮች ሲገነባ ከርሞ ውርጩ ሲበረታ ወደ ሚስቱና ወደ ልጆቹ ይመለስ ነበር፤ ከእነዚሁ ግንበኞች አንዱ፣ ማርታን ናዶ የተባለው፣ በኋላ በሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት እስከ መቀመጥ ደርሷል። ይሁን እንጂ ዘመን እያለፈ ሲሄድ ያ በየዓመቱ ይመለስ የነበረው መንገደኛ መመለሱን ትቶ፣ ቤተ ሰቡንም እያስከተለ በዚያው መቅረት ጀመረ። በ1851 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ከ280 ሺህ በላይ የነበረው የክረዝ ሕዝብ ዛሬ ከ120 ሺህ በታች ሆኗል፤ ከቀረውም ሕዝብ ከሲሶ የሚበልጠው ዕድሜው 60 ዓመት ያለፈ ነው።

ክረዝ ከጎረቤቶቹ ከኮሬዝና ከኦት ቪየን ጋር አንድ ሆኖ ሊሙዛን የተባለውን ክፍለ ሀገር ያቆም ነበር። ሊሙዛንም በፈረንሳይ ክፍላተ ሀገር ሁሉ መካከል አረጋዊ የሚበዛበት እየተባለ ለብዙ ዘመን ሲጠቀስ ኖሯል። እንዲህ ያለው አገር ወጣቱ የሚሸሸው፣ መንግሥትም ትምህርት ቤቱን እየዘጋ የሚረሳው ሆኖ ይቀራል ብሎ ማሰብ የተለመደ ነበር፤ ነገር ግን የሊሙዛን ሰዎች፣ ከእነሱም ቀድመው በጀርመን አገር የሩር ሸለቆ ሰዎች፣ ነገሩን በሌላ ፊት ተመለከቱት። ሽማግሌው ሳይወድቅ፣ ሳይራብ፣ ብቻውንም ሳይቀር በገዛ ቤቱ እንዲኖር የሚያስፈልገው ዕቃና አገልግሎት ብዙ ከሆነ፣ ያንን ዕቃ የሚሠራ፣ የሚገጥም፣ ሲበላሽም የሚጠግን ሰው የግድ ያስፈልጋል፤ ይህም ሥራ ተነሥቶ ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ሳይሆን አረጋውያኑ ካሉበት የማይለይ ነው ብለው ተነሡ። ይህ ጽሑፍ የሚተርከው አሳባቸው እስከ ወዴት እንደ ደረሰ ነው።

የነገሩ ስፋት በርግጥ የአንድ አውራጃ አይደለም። በእኛ አገር የሕዝቡ እኩሌታ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው ሲሆን፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ግን ከአምስት ሰው አንዱ ዕድሜው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። የጀርመኑ መራሔ መንግሥት ቢስማርክ በ1889 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የጡረታ ሕግ ሲያስወጣ የጡረታው ዕድሜ 70 ዓመት ተብሎ ተወስኖ ነበር፤ በዚያ ዘመን ሰባውን የሚሞላ የፋብሪካ ሠራተኛ ጥቂት ስለ ነበረ፣ ቸርነቱ ግምጃ ቤቱን ብዙ የሚያራቁት አልነበረም። ዛሬ በዚያው አገር አንድ ሰው ጡረታ ከወጣ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል አበሉን እየተቀበለ መኖሩ የተለመደ ሆኗል። ሃያ ዓመት ማለት ሙሉ የሕይወት ምዕራፍ ነው፤ በዚህም ዘመን ውስጥ ሰው ይገዛል፣ ይጓዛል፣ ቤቱን ያድሳል፣ ኋላም ጉልበቱ ሲደክም ሞግዚት ይሻል። ስለዚህ አረጋዊውን የመንግሥት በጀት ሸክም ብቻ አድርጎ ይቈጥር የነበረው የኤኮኖሚ ሊቅ፣ ገዢም መሆኑን ከጊዜ በኋላ ሊያምን ተገደደ።

ነጋዴ ገዢ ወዳለበት ፈጥኖ የሚደርስ ከሆነ፣ እዚህ ላይ ለምን ዘገየ? ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ የጠቅላላው ነገር ቍልፍ ስለ ሆነ ጥቂት ብንቈይበት አይከፋም። ሽምግልና በመጀመሪያ አንድ መልክ የለውም፤ በሰባ ዓመቱ ተራራ የሚወጣ አለ፣ በዚያው ዕድሜ ከአልጋው የማይወርድ አለ፤ ሁለቱን በአንድ ስም ጠርቶ አንድ ዕቃ ልሸጥላቸው የሚል ነጋዴ ሁለቱንም ያጣቸዋል። ከዚህም በላይ «ይህ ለሽማግሌ የተሠራ ነው» የሚባለውን ዕቃ ገዝቶ በደስታ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው አይገኝም። በአረጋውያን ቤት ያገለገሉ ሁሉ እንደሚመሰክሩት፣ ቢወድቁ ተጭነው ይጣሩበት ዘንድ በአንገታቸው እንዲያጠልቁት የተሰጣቸው መጥሪያ ብዙ ጊዜ ተሰቅሎ የሚገኘው በአልጋው ራስጌ ሚስማር ላይ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ጭራሹን ወደ መሳቢያ ይገባል። መሣሪያውን የሠራው መሐንዲስ ምናልባት ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ብልህ ወጣት ይሆናል፤ የባትሪውን ዕድሜ አስልቷል፣ የሞገዱን ርቀት ለክቷል፣ የሰባ ስምንት ዓመት እመቤት ከጓደኞቻቸው ጋር ቡና ሲጠጡ ያን ነገር በአንገታቸው ማየት እንደማይፈልጉ ግን የነገረው ሰው አልነበረም።

ከሁሉ የሚከፋው እንቅፋት ግን ተጠቃሚውና ከፋዩ፣ መካሪውና ገጣሚው የተለያዩ ሰዎች መሆናቸው ነው። ዳቦ የሚገዛ ሰው ራሱ መርጦ፣ ራሱ ከፍሎ፣ ራሱ ይበላዋል። ለአንዲት አሮጊት እናት መታጠቢያ ቤት የሚገጠመውን መደገፊያ ግን የሚጠቀሙበት እናቲቱ፣ የሚመክረው ሐኪሙ፣ የሚገጥመው የቧንቧ ሠራተኛው፣ ከዋጋው ከፊሉን የሚከፍለው ኢንሹራንሱ ወይም የማዘጋጃ ቤቱ ሣጥን፣ «ይሁን» ወይም «አይሁን» የምትለው ደግሞ በሌላ ከተማ የምትኖረው ልጃቸው ናት። በአንዲት አነስተኛ ወርክሾፕ መልካም አሳብ የፈለቀለት ባለሙያ ከእነዚህ ከአምስቱ ደጅ ለመድረስ ሲመላለስ ገንዘቡ ያልቅበትና አሳቡን ጥሎ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል። ይህን ዓይነት ውድቀት የፈጠራ ማነስ ነው ብለው የሚጽፉ አሉ፤ እኔ ግን የፈጠራ ማነስ አይመስለኝም። ፈጣሪው ነበረ፤ ያጣው ወደ አምስቱ ደጅ የሚያደርሰውን ሰው ነው።

እንግዲህ መረብ ወይም ትስስር የሚባለው ነገር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ስሙ ታላቅ ይምሰል እንጂ በተግባር ሲታይ ብዙውን ጊዜ አንዲት ጽሕፈት ቤት፣ ጥቂት ሠራተኞችና አንድ የስብሰባ አዳራሽ ነው፤ ሥራውም ተከራይንና አከራይን የሚያገናኝ ደላላ ሥራ ነው፤ ልዩነቱ ኮሚሲዮን የማይቀበል መሆኑና፣ ፊት ለፊት የሚያስቀምጣቸውም ሁለት ሳይሆኑ አምስት ስድስት ወገኖች መሆናቸው ብቻ ነው። ሆስፒታሉን፣ የዩኒቨርሲቲውን ሊቃውንት፣ የእጅ ባለሙያዎችን ማኅበር፣ የጤና ኢንሹራንሱን፣ የአውራጃውን ምክር ቤትና፣ ብልህ የሆነ እንደ ሆነ፣ አረጋውያኑን ራሳቸውን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይሰበስባል። ይህ ለምን በመላው መንግሥት ደረጃ ሳይሆን በክፍለ ሀገር ደረጃ ይሠራል ቢባል፣ መልሱ ቀላል ነው፤ ሚኒስትሩ ከርእሰ ከተማው ሆኖ ሕግ ያወጣል፣ ገንዘብም ይመድባል፣ ነገር ግን የትኛዋ መንደር ሐኪም እንደሌላት፣ የትኛውስ ባለ ሱቅ ዕቃ በመኪናው ጭኖ በየቤቱ እንደሚያደርስ አያውቅም። በክፍለ ሀገር ውስጥ ያሉ ሹማምንትና ባለሙያዎች ግን በስም ይተዋወቃሉ፤ ዛሬ በስብሰባ የተጣሉ እንደ ሆነ እንኳ ነገ በገበያ ይገናኛሉ።

በዚህ መንገድ ቀድሞ የሄደው በምዕራብ ጀርመን ያለው፣ 18 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የሚኖርበት የሰሜን ራይን ቬስትፋለን ክፍለ ግዛት ነው። በዚሁ ግዛት ውስጥ የሚገኘው የሩር ሸለቆ በ1950ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ገደማ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰዎች በድንጋይ ከሰል ጕድጓድ ይሠሩበት የነበረ የእሳትና የጭስ አገር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ከሰሉ ከባሕር ማዶ በርካሽ ስለ መጣና ዘይትም ቦታውን ስለ ወሰደ፣ ጕድጓዶቹ አንድ በአንድ እየተዘጉ ሄደው፣ የመጨረሻው በቦትሮፕ ከተማ የሚገኘው ፕሮስፐር ሃኒየል በታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. ተዘጋ። ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ደቡብ ሲሄድ፣ አባቱ በጡረታ አበሉና በታመመ ሳንባው፣ ለማዕድን ሠራተኛ በተሠራው፣ ደረጃው ገደል በሆነበት ጠባብ ቤት ቀረ። በ1999 ዓ.ም. የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ለአረጋውያን ኤኮኖሚ የሚተጋ አንድ ልዩ ንቅናቄ ሲያቋቁም፣ የቦኹሙ ሮልፍ ሃይንትሰ፣ የዶርትሙንዱ ገርሃርድ ኔገለና የጌልዘንኪርኸኑ ዮሴፍ ሂልበርት የተባሉ ሊቃውንት አሳቡን በማፍለቅና በጽሑፍ በማስረዳት ዋና ተካፋዮች ነበሩ። ሂልበርት ይሠራበት የነበረው ኢንስቲትዩት የሚገኘው ቀድሞ የብረት ማቅለጫ ፋብሪካ በነበረበት ቦታ ላይ በተሠራው የሳይንስ መናፈሻ ውስጥ ነው፤ የአገሩን ታሪክ ከዚህ በተሻለ አጠር አድርጎ የሚናገር ሕንጻ ብዙ አይገኝም።

ንቅናቄው የጀመረው ከሮቦት ወይም ከተራቀቀ ማሽን አልነበረም፤ ከቤት፣ ከእጅ ሙያ፣ ከጉዞና ከባህል ነበር። ለየአንዳንዱ ዘርፍ የሥራ ቡድን ተቋቋመ። የእጅ ባለሙያዎቹ ማኅበራት አናጢውንና የቧንቧ ሠራተኛውን ሰብስበው፣ ጠርዙ እስከ ጉልበት የሚደርሰውን የመታጠቢያ ገንዳ አንሥቶ በምትኩ ከወለሉ ጋር እኩል የሆነ ሻወር ስለ መሥራት፣ በርን ተሽከርካሪ ወንበር እስኪያሳልፍ ስለ ማስፋት፣ ከዚህም ሁሉ አስቀድሞ አረጋዊ ደንበኛን እንዴት ማነጋገር እንደሚገባ አስተማሯቸው። በጌልዘንኪርኸን ከተማም የትውልዶች መረብ የሚባለው ማኅበር በየሰፈሩ ጡረተኞችን አሠልጥኖ የጎረቤቶቻቸው አማካሪዎች እንዲሆኑ አደረገ፤ እነሱም የሚያውቁትን ደጅ እያንኳኩ ማን ምን እንደ ጎደለው ይጠይቃሉ። አንድ ኩባንያ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ በጥናት የሚሻውን ዕውቀት፣ እነዚህ ሰዎች ከአንድ ስኒ ቡና ጋር ያገኙታል።

በ2005 ዓ.ም. በቦን ከተማ በተደረገ ጉባኤ ይኸው አሳብ ከጀርመን ወሰን ተሻግሮ፣ የአውሮፓ ክፍላተ ሀገር የአረጋውያን ኤኮኖሚ መረብ ተመሠረተ፤ ሽምግልና ቀድሞ የደረሰባቸው ክፍላተ ሀገር ልምዳቸውን እንዲለዋወጡ፣ በአንዱ የተሳካውን ሌላው እንዲሞክረው ማለት ነው። ጉባኤ ሲበዛ መግለጫ ይበዛል፤ መግለጫም ሲበዛ አንባቢ ይሰለቻልና፣ ስለ ጉባኤዎቹ ይህን ያህል ብለን ወደ ሊሙዛን እንመለስ።

የሊሙዛን ታሪክ የሚጀምረው ከነጭ አፈር ነው። በ1768 ዓ.ም. ከሊሞዥ ከተማ በስተ ደቡብ በምትገኘው በሳንቲሪዬ አጠገብ ካኦሊን የተባለው የጥሩ ሸክላ አፈር ተገኘ፤ ከዚያ ወዲህ የሊሞዥ ሸክላ ሳሕንና ስኒ በነገሥታትና በመኳንንት ገበታ ላይ ዝናው ወጣ። በ1865 ዓ.ም. በዚያው ከተማ የተቋቋመ አንድ የሸክላ ወርክሾፕ በኋላ ለግራን በተባለው ቤተ ሰብ እጅ ገባ፤ ኤሌክትሪክ በየቤቱ መግባት ሲጀምር፣ ሸክላ የኤሌክትሪክን ኃይል የማያሳልፍ መሆኑ ታስቦ፣ በ1919 ዓ.ም. ከሳሕኑ ጎን ለጎን የመብራት ማብሪያና ማጥፊያ መሥራት ተጀመረ። በ1949 ዓ.ም. ፋብሪካው በእሳት ሲጎዳ፣ ባለቤቶቹ ሳሕኑን ጨርሰው ትተው ወደ ኤሌክትሪኩ ዕቃ ብቻ ዞሩ። ዛሬ ለግራን በዓለም ሁሉ የሚሸጥ ታላቅ ኩባንያ ነው፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ ግን እስካሁን በሊሞዥ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮም አረጋውያን በቤታቸው ሆነው እርዳታ የሚጣሩበትን መሣሪያ የሚሠሩ ድርጅቶችን፣ በመጀመሪያ በፈረንሳይ፣ ቀጥሎም በሌሎች አገሮች እየገዛ ጠቀለለ። እንግዲህ በአንድ ክፍለ ሀገር ውስጥ የመብራት ዕቃ የሚሠራ ኩባንያ፣ የአረጋውያንን ሕክምና የሚያጠና የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ ብዛት ያለው አረጋዊ ሕዝብና፣ እነዚህን እንዲያገናኝ በሊሞዥ የተቋቋመው ኦቶኖም-ላብ የተባለው ድርጅት በአንድ ዘመን ተገናኙ።

ከዚህ ግንኙነት የበቀሉ ነገሮች ጥቂት ባይሆኑም፣ ለአንባቢ በቅርብ ላሳየው የምወደው ከሁሉ ትንሹን ነው። ሽማግሌ በሌሊት የሚወድቅበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ ለሽንት ይነሣል፣ መብራቱን ለማብራት ግድግዳውን በእጁ ይዳስሳል፣ ወይም ባለቤቱን እንዳይቀሰቅስ ብሎ በጨለማ ይሄዳል፣ የምንጣፉ ጠርዝ እግሩን ይይዘዋል፤ የተሰበረውም የዳሌ አጥንት ከሆነ ከዚያ ሌሊት በኋላ ወደ ቀድሞ ኑሮው የማይመለሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ከአልጋው ጎን፣ ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ እስከ መጸዳጃ ቤቱ መንገድ ድረስ ቀጭን የመብራት ሪባን ይዘረጋል። ሰውየው ከአልጋው ሲነሣ እንቅስቃሴውን የሚያውቀው መሣሪያ ያን ሪባን ዓይን በማይወጋ ለስላሳ ብርሃን ያበራዋል፤ ተመልሶ ሲተኛ ራሱ ይጠፋል። የሚጫን ነገር የለም፣ የሚታወስ ነገር የለም፣ በአንገት የሚንጠለጠል የሚያሳፍር ነገርም የለም። በኮሬዝ አውራጃ በቤታቸው የሚኖሩ 194 ደካማ አረጋውያን ለአንድ ዓመት ተጠንተው፣ እኩሌታ ያህሉ ይህ መብራት ከርቀት የእርዳታ ጥሪ አገልግሎት ጋር ተገጠመላቸው፤ ካልተገጠመላቸው በዓመቱ ውስጥ በቤታቸው የወደቁት ከመቶው 50 ሲሆኑ፣ ከተገጠመላቸው ግን 31 ያህል ብቻ ነበሩ። በዚህ ዓለም እንደ አንድ ቁራጭ መብራት ይህን ያህል ጥቅም የሚገኝባቸው ነገሮች ብዙ አይደሉም።

መብራቱ ብቻውን ግን ይህን አላደረገም፤ ከርቀት የሚመልስ ሰው ነበረበት። ክረዝም ቢሆን ይህንኑ የብርሃን መንገድና የጥሪ መሣሪያ በአንድነት አድርጎ በአውራጃው ምክር ቤት ኃላፊነት በየቤቱ የሚያስገባ አገልግሎት አቋቁሟል፤ በዋና ከተማው በጌሬም ይህን ሙያ የሚያስተምር ትምህርት ተከፍቷል። አሠራሩን ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው፤ አረጋዊቱ በእጃቸው ያለውን መጥሪያ ሲጫኑ፣ ሳሎን ከተቀመጠው ሣጥን «እመቤቴ፣ ምን ሆኑ?» የሚል የሰው ድምፅ ይሰማል፤ ተናጋሪው ሌሊትም ቀንም በማዕከሉ የሚቀመጥ ሠራተኛ ሲሆን፣ ስማቸውን፣ የሚወስዱትን መድኃኒትና የቤታቸውን አቀማመጥ ከፊቱ ያያል። መልስ ካጣ ወይም እርዳታ የሚያስፈልግ ከመሰለው፣ አስቀድሞ የሚደውለው ወደ ሆስፒታል አይደለም፤ የቤቱን ቁልፍ እንዲይዙ ስማቸውን ወደ ሰጡት ጎረቤቶች ነው። ጎረቤት ካልተገኘ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ይመጣሉ፤ እነሱ ደግሞ በሩ ከተቈለፈ ከመስበር በቀር ምን ያደርጋሉ! እንግዲህ ከሊሞዥ ፋብሪካ ተነሥቶ፣ በዩኒቨርሲቲው ተጠንቶ፣ በምክር ቤት ተወስኖ፣ በኢንሹራንስ ተከፍሎ የመጣው ነገር ሁሉ የሚያልቀው በአንዲት ጎረቤት ኪስ ባለ ቁልፍ ላይ ነው። ቁልፉን የሚይዝ ጎረቤት በጠፋበት መንደር፣ መሣሪያው እንዴት ያለ ቢሆን ዋጋው በጣም ይቀንሳል፤ ይህን በማስታወቂያቸው ላይ የጻፉ ነጋዴዎች ግን እስካሁን አልገጠሙኝም።

የዚህ ሁሉ ወጪ ከየት ይመጣል? ጀርመን በ1995 ዓ.ም. ራሱን የቻለ የእንክብካቤ ኢንሹራንስ አቋቋመች፤ ደካማነቱ ተመርምሮ ለተመሰከረለት ሰው ቤቱን የሚያስተካክልበት እስከ አራት ሺህ ዩሮ ገደማ የሚደርስ እርዳታ ከዚያ ይከፈላል። በፈረንሳይ ደግሞ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ አረጋውያን በቤታቸው እንዲረዱ የሚሰጥ አበል በየአውራጃው ምክር ቤት ይታደላል። ይሁን እንጂ ፈረንሳይን በእውነት ያስደነገጠው የ2003 ዓ.ም. የነሐሴ ወር ሙቀት ነበር። ሐኪሙም ሹሙም ልጁም ለዕረፍት ወደ ባሕር ዳርቻ በወጣበት በዚያ ወር፣ ወደ 15 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሞተ፤ ከሟቾቹም የሚበዙት አረጋውያን፣ ከእነሱም ብዙዎቹ በቤታቸው ብቻቸውን የነበሩ ናቸው። በሚቀጥለው ዓመት መንግሥቱ ባወጣው ሕግ፣ ከበዓለ ጰራቅሊጦስ ማግሥት ያለው ሰኞ፣ እስከዚያ ድረስ ሥራ የማይሠራበት የነበረው፣ ያለ ተጨማሪ ደመወዝ የሚሠራበት ቀን ሆኖ፣ አሠሪዎች በምትኩ የሚከፍሉት ገንዘብ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች እንዲውል ተወሰነ። መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ የወረደበትን በዓል ማግሥት ለሽማግሌዎች የሥራ ቀን ማድረግ ለአንዳንዱ ድፍረት መስሎ ታይቶታል፤ ሠራተኞችም ብዙ አጉረመረሙ፤ ነገር ግን ለዕርጅና የሚከፈለው ነገር ከምን እንደሚመጣ በግልጽ የነገረ ሕግ በመሆኑ እኔ በበኩሌ ቅንነቱን አደንቃለሁ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከፍ ከፍ አለ። በ2011 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት ኮሚሲዮን እስከ 2020 ዓ.ም. ድረስ በሰው ሁሉ ላይ በአማካይ 2 ጤናማ ዓመት ለመጨመር አስቦ ታላቅ ኅብረት አቋቋመ፤ ምሳሌ ሊሆኑ የሚገባቸው ክፍላተ ሀገርም ተመርጠው ተሸለሙ። በ2013 ዓ.ም. የፈረንሳይ መንግሥት በአረጋውያን ጉዳይ ሚኒስትሯ በሚሼል ደሎኔና በኢንዱስትሪ ሚኒስትሩ በአርኖ ሞንትቡር አማካይነት የአረጋውያን ኤኮኖሚ ራሱን የቻለ የኢንዱስትሪ ዘርፍ እንዲሆን አወጀ። አረጋውያንን ይረዳሉ የተባሉ ሮቦቶች በየኤግዚቢሽኑ ቆመው ሚኒስትሮችን ሰላምታ ሰጡ፤ ፎቶግራፍም ተነሣ። የተወሰነው 2020 ዓ.ም. ሲደርስ ግን የመጣው ወረርሽኝ ነበር፤ በመጀመሪያ የጨረሰውም በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ያሉትን ነው። ሊሙዛን ራሱ በጥር 2016 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የክፍላተ ሀገር አዲስ አከፋፈል ከአኪቴንና ከፑዋቱ ሻራንት ጋር ተዋሕዶ፣ ስሙ ከአስተዳደር ካርታ ላይ ጠፋ፤ ውሳኔውም ከሊሞዥ ወጥቶ ወደ ቦርዶ ሄደ። በአውሮፓ ገንዘብ የቆሙ ብዙ መረቦች ደግሞ ገንዘቡ ያለቀ ዕለት ተበተኑ።

እንግዲህ ፍርዱ ምን ይሁን? እኔ እንደሚታየኝ የጸናው ወደ ታች ወርዶ ሥር የሰደደው ነው። የክረዝ የጥሪ አገልግሎት ክፍለ ሀገሩ ሲፈርስ አልፈረሰም፤ ምክንያቱም የተመሠረተው በጉባኤ መግለጫ ላይ ሳይሆን በአውራጃው ምክር ቤት በጀት፣ በገጣሚው ደመወዝና በጎረቤቶች ስም ዝርዝር ላይ ነበር። የሩር ሸለቆ የቧንቧ ሠራተኛም የንቅናቄው ስምና ማኅተም ቢለዋወጥ የተማረውን ሙያ አልረሳም። በአንጻሩ ሊቃውንቱ ብዙ የደከሙላቸው፣ ሚኒስትሮችም ፎቶግራፍ የተነሡላቸው ሮቦቶች ከጥቂቶቹ በቀር ወደ ሽማግሌው ቤት አልገቡም። ከዚህ ተነሥቼ፣ መንግሥታት ለፈጠራ የሚመድቡትን ገንዘብ ግማሹን እንኳ ለሚያገናኙና ለሚገጥሙ ሰዎች ደመወዝ ቢያደርጉት ይበልጥ ይጠቀሙ ነበር እላለሁ።

ይህ ወግ ለእኛ ጨርሶ የሩቅ አይደለም፤ በጀርመን፣ በፈረንሳይና በሌሎችም የአውሮፓ አገሮች በአረጋውያን ቤት የሚያገለግሉ የአገራችን ልጆች ጥቂት አይደሉም፤ ቀድሞ በስደት ከሄዱትም ራሳቸው ለጡረታ የደረሱ አሉ። በፍራንክፈርት፣ በኮሎኝ ወይም በፓሪስ የምትኖር አንባቢ ሆይ፣ ለእናትህ ወይም ለአባትህ የጥሪ መሣሪያ ከሱቅ ገዝተህ ከመስጠትህ በፊት፣ በጀርመን ከሆንክ ወደ እንክብካቤ ኢንሹራንሱ፣ በፈረንሳይ ከሆንክ ወደ አውራጃው ምክር ቤት ሄደህ ጠይቅ፤ ከዋጋው ከፊሉ ሊከፈልልህ የሚችለው በዚያ በኩል ነውና። ማመልከቻውን ስትሞላም ቁልፍ የሚይዙ ሰዎችን ስምና ስልክ ይጠይቁሃል፤ ቋንቋቸውን የሚያውቅና በቅርብ የሚኖር ሰው ምረጥ፤ ስሙን ከመጻፍህ በፊት ግን እሱንም፣ ወላጆችህንም አነጋግራቸው።